የማይሞቀው ሞተር

ከአሰብ በወጣሁበት ማታ ለተ አልሸኘችኝም፤ ልብስ እያጠበች ነበር። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ሰዎች ስለ ስደታቸው ሲያወሩ በር ላይ ቆሞ የሚያለቅስ ሰው ስለማይጠፋ ነው። ከእኛ ቤት ያለቀሰ የለም። ሚስቴ ለተ ታጥባለች፤ ገና በእግሯ መሄድ የጀመረችው ልጃችን ሰምሃር በሳሙናው አረፋ ትጫወታለች፤ አማቴ ታማ አልጋው ላይ ታቃስታለች፤ እኔ የመፍቻ ሣጥኔን ተሸክሜ እንደ እንግዳ ቆሜያለሁ።

«እናትሽን ይዘን አብረን እንሂድ» አልኳት።

«በዚህ ሙቀት፣ በጭነት መኪና፣ እሷን?» አለች ቀና ሳትል። «አንተ ሂድ። ቤት ያዝ። ሲሻላት በሚቀጥለው መኪና እንመጣለን።»

የሚቀጥለው መኪና አልመጣም። መንገዱ ከኋላችን ተዘጋ፣ ስልኩም ተቆረጠ፣ ፖስታውም ቆመ። አሰብ የቀራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጂዳና ፖርት ሱዳን የተበተናችሁትም ታውቁታላችሁ። የምጽፈው ለእናንተ ነው። የአዲስ አበባ ሰው ካነበበውም ያንብበው፣ አልከለክለውም።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ተጀመረ ከተባለ ወዲህ የወደቡ ክሬኖች ደርቀው ቀሩ፤ ከባድ መኪኖቹ ወደ ጅቡቲ ዞሩ። መካኒክ ያለ መኪና ምን ይሠራል? ጎረቤቶቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ሰላምታቸው ግን አጠረ። «እስካሁን አልሄድክም እንዴ?» ይሉኛል። አዝነውልኝ ነው፤ ግን ሰው ሁሉ ሲያገኝህ እንዲህ ካለህ መሄድህ አይቀርም። አባቴ ከወሎ ወርዶ በወደቡ ጆንያ ሲሸከም የኖረ ሰው ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያው አሰብ፣ ካምፖ ሱዳን ሰፈር ነው። ወሎን አይቼው አላውቅም። አገርህ ግባ ሲሉኝ አገሬ በየት በኩል እንደሆነ ሹፌሩን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ።

የተሳፈርነው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፤ ቀን ቀን አስፋልቱ ጎማ ያቀልጣል። ፍራሽና ድስት ላይ ተቀምጠን ድንበሩ ላይ፣ ቡሬ ስንደርስ፣ በኢትዮጵያ ወገን ያለ ወታደር አስቆመን።

«ወዴት ናችሁ?»

«ወደ አገራችን።»

«ከየት ነው የምትመጡት?»

«ከአገራችን» አሉት አንድ ሽማግሌ፣ ከጎኔ የተቀመጡ።

ወታደሩ ባትሪውን ፊታቸው ላይ አብርቶ ቆየ። «አባት፣ አንዱን ይምረጡ» አላቸው። ቀልዱን አልነበረም። ሽማግሌው አልመረጡም፤ ሹፌሩ ሲጋራ ሰጥቶ አሳለፈን።

መርካቶ አውቶቡስ ተራ የገባሁት በክረምት መባቻ ነው። አሰብ እያለሁ ብርድ የምለው ጥር ላይ ከባሕር የሚመጣውን ንፋስ ነበር፤ ለካ ብርድን አላውቀውም። እዚህ ብርዱ ከመሬት ነው የሚነሣው፣ በጫማ ውስጥ ገብቶ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። አየሩም ስስ ነው። የእኛ አየር እርጥብ ፎጣ ነው፤ ቢያፍንህም አፍህን ይሞላዋል። የዚህ ግን ትስበዋለህ ትስበዋለህ፣ የሚገባ ነገር የለም። ከሱማሌ ተራ ወደ ላይ ቁራሽ ብረት ተሸክሜ ስወጣ እንደ አሮጌ ውሻ አለከልክ ነበር፤ ተሸካሚዎቹ ደግሞ በጀርባቸው ቁምሣጥን አዝለው «ዘወር በል!» እያሉ ያልፉኛል።

ቤት የተከራየሁት ራጉኤል አጠገብ፣ እትዬ አሰለፈች ከሚባሉ መበለት ነው። አንዲት ክፍል፣ ከጓሮ።

«ባለትዳር ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ እትዬ። ሚስቴ ትመጣለች።»

«ስትመጣ ኪራዩ ይጨምራል፤ ውሃው ይበዛል።»

«እስክትመጣስ?»

«እስክትመጣ አምፖል አብርተህ አታምሽ። ብቻህን ምን ታያለህ?»

አንድ ረቡዕ ዓሣ አግኝቼ ጠበስኩ። እኔ ያደግኩት ዓሣ ከመሃል ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ በጉድጓድ ምድጃ ሲጠበስ እያየሁ ነው፤ በእጅህ ከአጥንቱ እየነጠልክ ከትኩስ ዳቦ ጋር ትበላዋለህ። የመርካቶው ዓሣ ከሐይቅ መጥቶ በየመንገዱ የደከመው ነበር። ቢሆንም ጠበስኩት። እትዬ አሰለፈች አፍንጫቸውን ይዘው መጡ።

«ምንድን ነው ግቢውን ያገማኸብኝ? ጾም መሆኑን አታውቅም?»

«ዓሣ እኮ ነው፣ በጾም ይበላል።»

«ማን አለ?»

«አሰብ ያሉት ቄሳችን።»

«የአሰብ ቄስ ባሕር ስላለው ነው» አሉኝ። «የራጉኤል ቄስ ባሕር የለውም።»

እኚሁ ሴትዮ ናቸው አንድ ቀን ቅዳሜ በሬን አንኳኩተው መታወቂያ የሌለው ተከራይ እንዲወጣ ቀበሌ እንዳዘዘ የነገሩኝ። «እኔ አንተን አልጠላህም» አሉ። «ግን ቀበሌውን እፈራዋለሁ።» አመስግኜ ወደ ቀበሌ ሄድኩ።

ሹራብ ደርቦ የተቀመጠው የቀበሌ ሹም ቀና ብሎ አላየኝም።

«የት ተወለድክ?»

«አሰብ።»

«አሰብ ውጭ አገር ነው።»

«ስወለድ አልነበረም።»

«እኔ የምጠይቅህ አሁን ነው።»

«እኔ ደግሞ አሁን አልተወለድኩም።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። «ኢትዮጵያዊ ለመሆንህ ምን ማስረጃ አለህ?»

«ከዚያ ውጣ ተብያለሁ።»

«ውጣ የተባለ ሁሉ ኢትዮጵያዊ ነው?»

«ታዲያ በምን ምክንያት ውጣ የሚሉኝ ይመስልዎታል? በዓሣው ነው?»

አልሳቀም። በሰፈሩ የታወቀ ሰው መጥቶ አውቀዋለሁ ብሎ ካልመሰከረልኝ ጉዳዬ ወደ ጸጥታ እንደሚሄድ ነገረኝ። በዚያ ሰሞን ወደ ጸጥታ መሄድ ምን እንደሆነ መርካቶ ያለ ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ኤርትራዊ የተባለ ሰው ከነቤተሰቡ ተጭኖ ወደ ድንበር ሲሄድ አይተናል። ከእናንተ አንዱ «ታዲያ ወደ ሚስትህ ከመለሱህ ምን ከፋህ?» ይል ይሆናል። እኔም አስቤዋለሁ። ግን በዚያ በኩል ኢትዮጵያዊ ነኝ፣ በዚህ በኩል ኤርትራዊ ልባል ነው፣ በመሃል ያለው ፈንጂ ነው። ለተ ጋ የሚያደርስ መንገድ አልነበረም።

የታወቀ ሰው ከየት ላምጣ? የማውቀው አንድ ጋራዥ ብቻ ነው። ጎጃም በረንዳ፣ ከበርበሬ መጋዘኖቹ ጀርባ፣ ታደሰ የሚባል መካኒክ የሚሠራበት ግቢ ውስጥ የቀን ሥራ እሠራ ነበር። እዚያ ስሜን የሚጠራኝ የለም፤ አበራ መሆኔን ረስተውት አሰቤ ነበር የሚሉኝ። «አሰቤ፣ ፒንሳ አቀብል።» «አሰቤ፣ እዚህ ባሕር የለም፣ ጋቢ ግዛ።» ክፋት አልነበረውም።

በዚያው ሳምንት ሐጂ ሸረፋ ፒክአፓቸውን አስጎትተው መጡ። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ሳሙናና ዘይት በጅምላ ይሸጣሉ፣ ተክለ ሃይማኖት በኩል ሱቃቸውን የማያውቅ የለም። ቀበሌው ራሱ ለስብሰባ ወንበር የሚዋሰው ከእሳቸው ነው። ፒክአፑን የገዙት በጅቡቲ በኩል ካስመጣው ነጋዴ ነው፤ የቤንዚን መኪና ሆኖ ካርቡራቶር የለውም፤ ቤንዚኑን ኮምፒዩተር እየለካ በኢንጀክተር ይረጨዋል። ያኔ መርካቶ ውስጥ እንዲህ ያለ መኪና ብርቅ ነበር። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ያን ሁሉ ሽቦ ሲያይ መልሶ ይዘጋው ነበር።

ሕመሙ ይህ ነው። አስነሥተህ ሳትነዳው በቆመበት ስትተወው፣ እኛ ሚኒሞ በምንለው ላይ፣ ሞተሩ አያርፍም። ወደ ላይ ይጮኻል፣ ይወርዳል፣ ሊጠፋ ሲል እንደገና ይጮኻል። ደረቱን እንደሚያመው ሰው። ከማርሚታው የሚወጣው ጭስ ጥቁር ነው፣ ዓይን ያቃጥላል። እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ስትፈታቸው ከከሰል ጆንያ የወጡ ይመስላሉ። ቤንዚኑንም ይጠጣዋል ብል ይሻላል፤ ጠዋት ሞልተህ ወጥተህ ማታ መርፌው ባዶ ላይ ነው።

ታደሰ ደንቆሮ አልነበረም፤ ይህን ለመናገር አልሰስትም። ካንዴላ ቀየረ፣ የአየር ማጣሪያ ቀየረ፣ ኢንጀክተሮቹን አውጥቶ አጠበ። ከዚያ የውሃውን ሙቀት ለኮምፒዩተሩ የሚነግረውን ሴንሰር ጠረጠረ። «ይሄ ውሸታም ነው» አለ። «ሞተሩ ሞቆ ሳለ ቀዝቃዛ ነው እያለ ያታልለዋል፤ ኮምፒዩተሩም ብርድ መስሎት ቤንዚን ይጨምርለታል።» ጥሩ ግምት ነው። ሱማሌ ተራ ሄዶ ሌላ ሴንሰር አምጥቶ ገጠመ። ሞተሩ እንደዚያው ነው። ሦስተኛም አመጣ። እንደዚያው ነው።

«አበቃ» አለ ታደሰ። «ኮምፒዩተሩ ሞቷል። ቅዳሜ ሽቦውን ሁሉ ነቅዬ ካርቡራቶር አስገባበታለሁ።»

ሐጂ ፊታቸው ጠቆረ። እንዲህ የተነቀለ መኪና ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን አይተዋል፤ ግማሹን ጊዜ የሚያሳልፈው ጋራዥ ነው። ዞር ሲሉ እኔን አዩኝ።

«አንተ ከወደብ የመጣኸው ነህ? እንዲህ ያለ መኪና መጀመሪያ የሚወርደው እናንተ ዘንድ ነው።»

«ነው ሐጂ።»

«እስከ ቅዳሜ ሞክረው።»

ዕድሌ መሆኑ ገባኝ፣ አላፈርኩም። «ካዳንኩት ቀበሌ መጥተው አውቀዋለሁ ይሉልኛል?» አልኳቸው።

ጺማቸውን ዳበሱ። «ካዳንከው አውቅሃለሁ።»

«ካላዳንኩትስ?»

«ካላዳንከው ከየት አውቅሃለሁ?»

ታደሰ በሳቅ ወደቀ። እኔ ኮፈኑን ከፈትኩ።

ሁለት ቀን ሙሉ የተሠራውን ደግሜ ሠራሁ። የቤንዚን ቱቦ፣ የአየር ቱቦ፣ ሽቦ በሽቦ። ምንም። ሐሙስ ከሰዓት የሐጂ ሹፌር ከድር ከምሳ ተመልሶ፣ ጫቱን በጉንጩ ይዞ፣ መኪናውን ያወድስልኝ ጀመር። «ይሄ ጭሱ ባይኖር እኮ ወደር የለውም። ወራቤ ጭነት ይዤ ደርሼ ስመለስ አይሞቅም። አቀበቱን ሁሉ የሙቀት መርፌው ከታች ንቅንቅ አይልም። የሌላው ነጋዴ መኪና በየወንዙ ውሃ ይለምናል።»

በዙሪያው የነበሩት ሁሉ «ጎበዝ መኪና» አሉ። በእኛ አገር ሹፌር ሁሉ የሚፈራው ሙቀት ነው፤ በጀሪካን ውሃ ይዞ የማይሄድ የለም፤ አልሞቅም ያለ መኪና ይመረቃል እንጂ አይመረመርም። እኔም መጀመሪያ ቀን ይህንኑ ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ሐሙስ ግን ሞተሩ ተነሥቶ ብዙ ከቆየ በኋላ እጄን ወደ ራዲያተሩ ሰደድኩ። ከሞተሩ ወደ ራዲያተር የሚገባው የላይኛው ቱቦ በዚያ ሰዓት እጄን ሊያቃጥለኝ ይገባ ነበር። ለብ ያለ ነው። የታችኛውን ያዝኩ። እሱም ለብ ያለ ነው። ሕፃን የሚታጠብበት ውሃ።

ሴንሰሩ አልዋሸም። የመጀመሪያውም አልዋሸም፣ ያመጣነውም አልዋሸም። ሦስቱም ቀዝቃዛ ነው ያሉት ሞተሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ነው። እኛ ነን እውነት የተናገረውን እየፈታን የጣልነው።

ከሐጂ ጭነት ላይ የሳሙና ካርቶን ቀደድኩና ራዲያተሩ ፊት አቆምኩት፣ ንፋስ እንዳያገኘው።

«ምን ልትሆን ነው?» አለ ከድር። «ልታነደው ነው?»

«ተቀመጥና መርፌውን እያየህ ጥራልኝ።»

መርፌው ከታች ተነሣ። ከድር «ኧረ እየወጣ ነው፣ ኧረ አጥፋው» ይላል፤ ቆይ እለዋለሁ። መርፌው መሃሉ ጋ ሲቃረብ የሞተሩ ጩኸት ዘገየ። ከፍ ዝቅ ማለቱ ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ቆመ። ጭሱ ነጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ታደሰ ከሌላ መኪና ሥር ተንፏቆ ወጣ፤ ጸጥታው ነው የጠራው። እጁን በቱታው እየጠረገ ሞተሩን አዳመጠ።

«መድኃኒቱ ካርቶን ነው?» አለኝ።

«ካርቶኑን አውቄበት አይደለም ያቆምኩት፤ ልሞክረው ነው» አልኩት። አጠፋሁትና ሲበርድ የላይኛው ቱቦ ከሞተሩ የሚገናኝበትን ክዳን ፈታሁ። ውስጡ ባዶ። ቴርሞስታት የምትባለው፣ ውሃው እስኪሞቅ ይዛ የምታቆይ ትንሽ በር፣ የለችም። ቦታዋ ብቻ ነው ያለው። በሩ ከሌለ ውሃው ሞተሩ ውስጥ ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ ይሮጣል፤ በአዲስ አበባ ብርድ ደግሞ መቼም አይሞቅም። ኮምፒዩተሩ ገና ማለዳ ነው ብሎ ቤንዚንና አየር ይጨምርለታል፤ ፍጥነቱ ሲያልፍ ይቆርጥበታል፤ ሊጠፋ ሲል ይጨምርለታል። ጩኸቱ ይህ ነው።

«ማን ነው ያወጣት?» አለ ታደሰ።

ደስ ብሎኛል፣ አፌ ተፈታ። «ጅቡቲ ላይ ነው ያወጧት። የባሕር መካኒክ ሁሉ እንዲህ ነው። እኛም አሰብ መኪና ከመርከብ ሲወርድ መጀመሪያ የምናደርገው እሷን አውጥተን ባሕር መወርወር ነው። እኔ፣ አለቃዬ ጎይቶም፣ አሊ የሚባለው አፋር፣ ማን ሩቅ እንደሚወረውር እንወራረድ ነበር። በዚያ ሙቀት የካርቡራቶር መኪናን ምንም አይለውም።»

ከድር መሬት መሬት ያይ ጀመር። ታደሰ የካርቡራቶሩን ሥራ ማጣቱ ይሁን ሌላ፣ «እኛ ማለትህ...» አለ ቀስ ብሎ። «አንተና ጎይቶም ናችሁ እኛ?»

ሰው አገሩን የሚያውቀው እንዲህ ነው፤ አንድ ስም በመጥራትህ ግቢው ዝም ሲል። ሐጂ ከበሩ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። መጡና ኮፈኑን በእጃቸው ዘጉት፣ ሳይጮኽ።

«ከአሁን ወዲያ እዚህ ግቢ ውስጥ አሰቤ የሚባል ሰው የለም» አሉ። «አበራ ነው።»

ወደ ሱቃቸው ይዘውኝ ሄዱ፤ ሻይ አስመጡልኝ።

«ቃሌ ቃል ነው፣ ሰኞ እንሄዳለን» አሉ። «ግን አሰብ ተወለደ አልልም። ሱቅ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ። ተክለ ሃይማኖት፣ ከሱቄ ጀርባ ነው የተወለድከው። ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ ሐጂ። ሴት ልጅም አለችኝ።»

«የማን ልጅ ናት ሚስትህ?»

የኤርትራዊ ልጅ መሆኗን ነገርኳቸው። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«የለችህም» አሉ። «ሰላም እስኪሆን የለችህም። ሲሆን ሄደን እናስተካክለዋለን፤ እኔው ራሴ እመጣለሁ።»

«ሐጂ፣ እርስዎ ሚስትዎን እንዲህ ይላሉ?»

«አልልም» አሉኝ። «እኔን ውጣ ያለኝ የለም።»

ሰኞ ያ ባለ ሹራብ ሹም ለሐጂ ተነሥቶ ወንበር ሰጣቸው። ሐጂ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጭነው አወቁኝ። አባቴ የእሳቸው ተሸካሚ ነበር፤ እኔ በሱቃቸው ጀርባ ነው ያደግኩት፤ ሁሉንም አወቁ። ሹሙ ወደ እኔ ዞረ።

«ባለፈው አሰብ ብለኸኝ አልነበረም?»

«ለሥራ ወርዶ ነው» አሉ ሐጂ። «ሙቀቱ ራሱን ነክቶታል።»

«ያገባ?»

«ያላገባ» አሉ ሐጂ።

«እሱ ይናገር።»

ግድግዳው ላይ የቆየ ካላንደር ነበር፤ እሱን እያየሁ ተናገርኩት። «ያላገባ።» ጥፋተኛ ነኝ እያልኳችሁ አይደለም። በአገሩ ለመኖር ሚስቱን ካድ የተባለ ሰው ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ከዚህ ቃሌ ማንም ቢመጣ አልመለስም። ግን ሰምሃር ገና እየተንገዳገደች ነበር የምትሄደው፤ በአንድ ቃል ከዓለም አወጣኋት።

መታወቂያውን ሲሰጡኝ ማንበብ አልችልም ነበር። እትዬ አሰለፈች አገላብጠው አይተው «እንግዲህ ሰው ሆንክ» አሉኝ፤ ወዲያው ኪራይ ጨመሩ። ፊደል የቆጠርኩት ከዚያ በኋላ፣ ማታ ማታ፣ ሸማኔና ኩሊ ከሚማርበት ክፍል ነው። አስተማሪው የሚነበብ ነገር ከየቤታችሁ አምጡ ቢለን እኔ ኪሴ ውስጥ የነበረውን አወጣሁ። የት እንደተወለድኩ አነበብኩ፤ ተክለ ሃይማኖት ይላል። ዝቅ ብዬ የትዳሩን መስመር አነበብኩ። አስተማሪው «ጥሩ ነው፣ ጮክ በል» አለኝ። ጮክ አልኩ።

ጦርነቱ አለቀ፤ ሰላም ግን አልሆነም። ሐጂ በየዒዱ ሲያገኙኝ «ገና ነው አይደል?» ይሉኝ ነበር፤ እንዲህ እንዳሉኝ ሞቱ፣ አላህ ይማራቸው። ጂዳ ያለ የለተ ዘመድ አንዳንዴ ይደውልልኛል፤ «እናቷ ሞተች»፣ «ልጅህ ትምህርት ጀመረች»፣ «ልጅህ ቁመቷ የአንተ ነው» ይለኛል። ሌላ ሰው በሚያወራልህ ልጅህ ስታድግ ማየት እንዴት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። እኔ ጎጃም በረንዳ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ፤ አየሩን ለመድኩት፣ ብርዱን ግን አልለመድኩትም፤ ዓሣውንም ተውኩት።

ከዚያ አንድ ክረምት፣ ማንም ሳይጠብቀው፣ ሁለቱ መንግሥታት ታረቁና ስልኩ ተከፈተ፣ መንገዱም ተከተለ። ከጂዳ ቁጥሩን ተቀብዬ ደወልኩ።

«መን ኢኻ?» አለችኝ ለተ። ማን ነህ ማለቷ ነው።

«አበራ ነኝ።»

ከኋላዋ ማራገቢያ ይሰማኛል።

«አገባህ?» አለች በመጨረሻ።

«አላገባሁም። አንቺስ?»

«ማንን?» አለች። ብዙም አላወራን። ስልኩን ለሰምሃር ሰጠቻት። የሰምሃር አማርኛ የእኛ አማርኛ ነው፣ የካምፖ ሱዳን፣ ቃሉን ጎተት የሚያደርገው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው የሰማሁት። መንገዱ ክፍት ሳለ መምጣት ትፈልጋለች። እናቷም «ውሰዳት፣ እዚህ ምን አላት» ትላለች። እዚህ ስትደርስ የእኔ ልጅ መሆኗ ተጽፎ ቢጠብቃት ጥሩ ነው ብዬ ቀበሌ ሄድኩ፤ አሁን ወረዳ ነው የሚባለው። ኮምፒዩተር ፊት የተቀመጠች ወጣት ናት ያስተናገደችኝ፣ ትሁት።

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ያላገባ ነው የሚለው። ልጅም የለዎትም።»

«አለችኝ። አሰብ ናት።»

«አሰብ በምን አጋጣሚ?»

«ተወልጄ።»

«እዚህ ግን የተወለዱት ተክለ ሃይማኖት ነው።»

«እሱ ውሸት ነው።»

እጇን ከቁልፎቹ ላይ አነሣች። «ማን ነው የዋሸው ጋሼ?»

«የመሰከሩልኝ ሰውዬ፣ ሐጂ ሸረፋ። እኔም አብሬ።»

«እሳቸውን ማምጣት ይችላሉ?»

«ሞተዋል።»

«ሌላ የሚያውቅዎት?»

«የአሰብ ሰው ሁሉ ያውቀኛል።»

«እነሱ የውጭ ዜጎች ናቸው፣ መመስከር አይችሉም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ጋሼ፣ እኔ እንደ ልጅዎ ልንገርዎት። ያኔ ዋሽቼ ነው ካሉ መታወቂያው ራሱ ይሰረዝና ከመጀመሪያው ማነህ ይባላሉ። እውነት ነው ካሉ ደግሞ ልጅ የለዎትም። አለቃዬን ልጠይቅልዎት፤ ነገ ይምጡ።»

በነጋታው ሄድኩ። አለቃው ስብሰባ ነው። በነጋታው ሄድኩ። ስብሰባ ነው። ከድንበር የሚመጣው ወሬ መንገዱ ሊዘጋ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ተዘግቷል ይላል። ትናንት ከወረዳው ስወጣ፣ ደረጃው ላይ ሳለሁ ሰምሃር ደወለች።

«ባባ፣ ምን አሉህ?»

«ነገ ና አሉኝ።»

«እዚህም የመውጫውን ወረቀት ነገ ነው የሚሉኝ» አለች።

ሰው እየገፋኝ ደረጃውን ይወርዳል። የስልክ ሂሳቧ እስኪያልቅ ድረስ ሁለታችንም አልዘጋንም።